እውነትን የካደ መሥሪያ ቤት፦ አምስተኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ሲዳሰስ

ለልጆች ተብለው የሚዘጋጁ የተረት ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ጀግናንና ጭራቅን አፋጥጠው በጀግናው ድል የሚጠናቀቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007፣ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በብዙ አገሮች ለዕይታ የበቃው «ሃሪ ፖተርና የፊኒክስ ማኅበር» የተሰኘው ፊልም ግን ከዚህ የተለመደ መንገድ ወጣ ያለ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጭራቁ አለ። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የፊልሙ ክፍል ጀግናውን መውጫ የሚያሳጣው ጭራቁ ሳይሆን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ችሎት፣ ማኅተም፣ መመሪያና ቃሉን የሚያስተጋባለት ጋዜጣ አለው። የጎደለው የማይወደውን እውነት ለመስማት ፈቃደኛ መሆን ብቻ ነው።

ፊልሙ ከ8ቱ የተከታታዩ ክፍሎች 5ኛው ሲሆን፣ ከቀደሙት ይልቅ የጠቆረና የበሰለ እንደሆነ ይነገርለታል። ይህ ጽሑፍ ተከታታዩ ከልጆች ተረትነት ተነስቶ እዚህ ደረጃ ላይ እንዴት እንደደረሰ፣ በፊልሙ የሚታየው ሚኒስቴር አሠራር ምን እንደሚመስል፣ ፊልሙስ እንዴት እንደተሠራ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ሌሎች ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከልጆች ተረት ወደ በሰለ ታሪክ

እንደሚታወቀው የሃሪ ፖተር ታሪክ በብሪታንያዊቷ ደራሲ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ የተጻፈ ባለ 7 መጽሐፍ ልቦለድ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1997፣ የመጨረሻው ደግሞ በ2007 ታትመዋል። በእነዚሁ መጻሕፍት ላይ የተመሠረቱት 8 ፊልሞች ከ2001 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ለሕዝብ ቀርበዋል። ታሪኩ ወላጆቹን በሕፃንነቱ ያጣው ሃሪ የተባለ ልጅ ሆግዋርትስ በተሰኘው የአስማት ትምህርት ቤት የሚገጥመውን የሚተርክ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ የሕይወቱን አንድ ዓመት ያህል ይሸፍናል።

የተከታታዩ ልዩ ባሕርይ የሚመነጨው ከዚሁ አወቃቀር ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ 11 ዓመት የሚሞላው ልጅ በመጨረሻው 17 ዓመት ይሞላዋል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በልጅነቱ ያነበበ አንባቢም ከጀግናው ጋር አብሮ አድጓል። በፊልሞቹም የሆነው ይኸው ነው። ሃሪን ሆኖ የሚተውነው ዳንኤል ራድክሊፍ የመጀመሪያው ፊልም ቀረጻ በ2000 ሲጀመር የ11 ዓመት ልጅ የነበረ ሲሆን፣ የ5ኛው ፊልም ቀረጻ በ2006 በመካሄድ ላይ እንዳለ 17 ዓመት ሞልቶታል። በመሆኑም ተመልካቹ በፊልሙ የሚያየው የፊት ለውጥ የሜካፕ ሥራ ሳይሆን የዕድሜ ሥራ ነው።

ከልጁ ዕድገት ጋር የዳይሬክተሮቹም ዓይን ተለውጧል። የመጀመሪያዎቹን 2 ፊልሞች የመሩት አሜሪካዊው ክሪስ ኮሎምበስ በሞቀ ብርሃንና በደማቅ ቀለም የተሞላ፣ ልጆች የሚጓጉለት ዓለም ፈጥረዋል። በ2004 ሦስተኛውን የመሩት ሜክሲኳዊው አልፎንሶ ኩአሮን ብርሃኑን ቀንሰው ጥላውን አበዙት። በ2005 በብሪታንያዊው ማይክ ኒውዌል በተመራው 4ኛው ፊልም ደግሞ ሴድሪክ ዲጎሪ የተባለ ተማሪ በግፍ ይገደላል፤ ሞቷል ተብሎ ይታመን የነበረው ክፉው ቮልደሞትም ሥጋ ለብሶ ይመለሳል። በአሜሪካ የፊልም ደረጃ አሰጣጥ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ 3 ፊልሞች ልጆች በወላጅ ምክር እንዲያዩዋቸው የተመደቡ ሲሆን፣ 4ኛውና 5ኛው ግን ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በተመለከተ ወላጆች ጠንከር ያለ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ የሚያሳስብ ደረጃ ተሰጥቷቸዋል።

ይሁን እንጂ 5ኛውን ፊልም የበሰለ የሚያሰኘው የሚያስፈራ ትዕይንት መብዛቱ ብቻ አይደለም። አራተኛው ፊልም ሞትን ሲያሳይ፣ 5ኛው የሚያሳየው ከሞቱ በኋላ የሚመጣውን ነው። አንድ ልጅ ጓደኛው ሲገደል አይቶ ያየውን ሲናገር የሚያምነው ሲያጣ ምን ይሆናል? የፊልሙ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

ሚኒስትሩ የሚፈሩት

ከቮልደሞትና ከተከታዮቹ በስተቀር መመለሱን ያየው ሃሪ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አልበስ ደምብልዶር ልጁን አምነው ጉዳዩን ለሕዝብ ይፋ ያደርጋሉ። የአስማት ሚኒስትሩ ኮርኒሊየስ ፈጅ ግን ዜናውን አይቀበሉም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ሚኒስትሩ የጠላት ሰላይ አይደሉም፤ ጉቦም አልበሉም። ለረጅም ዓመታት የዘለቀ ሰላም በእርሳቸው የሥልጣን ዘመን ፈረሰ መባሉን የሚፈሩ፣ ከዚህም ይልቅ ርዕሰ መምህሩ ወንበራቸውን ይመኛሉ ብለው የሚጠራጠሩ ሹም ናቸው። አደጋውን ከአደጋነቱ አንጻር ሳይሆን ዜናውን ካመጣው ሰው አንጻር መዘኑት። ከዚህ በኋላ የሚደርሰው ጥፋት ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ የመጀመሪያ የሚዛን ስህተት ነው።

ክህደቱ በአንድ ቀን ውሳኔ አልቆመም። የማያቋርጥ ሥራ የሚጠይቅ ሆነ። «ዘ ዴይሊ ፕሮፌት» የተሰኘው ጋዜጣ ሃሪን እንደ ውሸታምና ዝና ፈላጊ፣ ርዕሰ መምህሩን ደግሞ ዕድሜ እንዳጃጃላቸው አዛውንት አድርጎ ያለማቋረጥ ይጽፋል። አደገኛ እስረኞች አዝካባን ከተባለው እስር ቤት አምልጠው ሲወጡም ሚኒስትሩ ትክክለኛውን ምክንያት መናገር አልቻሉም። ምክንያቱን መናገር የቮልደሞትን መመለስ ማመን ነውና። ስለዚህ ጥፋቱን ንጹሕ በሆነው በሲሪየስ ብላክ ላይ አላከኩት። አንዱን እውነት ለመደበቅ የተነገረ ቃል ሌላ ንጹሕ ሰው ወነጀለ። የቀድሞ ሰዎች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

ሕግ ሳይጣስ ፍትሕ ሲጓደል

በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የሚታየው የችሎት ትዕይንት ለአስተዳደር ሰዎች የተለየ ትኩረት የሚስብ ነው። ሃሪና የአክስቱ ልጅ ዱድሊ በበጋ ዕረፍት ላይ ሳሉ ዲሜንተር የሚባሉ፣ የሰውን ደስታ መጥጠው ነፍሱን እስከ መንጠቅ የሚደርሱ ፍጡራን ያጠቋቸዋል። ሃሪ በአስማት ይከላከላል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከትምህርት ቤት ውጪ በአስማት መጠቀም የተከለከለ በመሆኑ ከትምህርት ቤት የመባረር ደብዳቤ ወዲያውኑ ይደርሰዋል።

ሕጉ ሕይወትን ለሚያሰጋ ሁኔታ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል። ይህም ማለት ጉዳዩ ቀላል ነበር። ነገር ግን አንድ ልጅ ፈጸመው በተባለ ቀላል ጥፋት ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሙሉ አባላቱ ይሰየማል። የችሎቱ ሰዓት በመጨረሻው ቅጽበት ወደፊት እንዲሳብ ይደረጋል። ርዕሰ መምህሩ ለምስክርነት በጊዜ ሊደርሱ የቻሉት ቀድመው በመገኘታቸው ብቻ ነው። ሚኒስትሩ ራሳቸው ችሎቱን ይመራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ለማጠቃለልም ይቸኩላሉ። ሆኖም የዓይን ምስክር ቀርባ ቃሏን ትሰጣለች፤ ድምፅ ይሰጣል፤ ልጁም ነጻ ይወጣል።

ትዕይንቱ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያሳያል። በአንድ በኩል ሥነ ሥርዓቱ ሁሉ በቅርጹ ተሟልቶ ሳለ ፍርዱ አስቀድሞ የታሰበ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው ሥነ ሥርዓት በውስጡ ሕሊና ያላቸው ሰዎች እስካሉ ድረስ ንጹሑን ሊያድን እንደሚችል ያረጋግጣል። ከአባላቱ ብዙዎቹ የሚኒስትሩን ፊት ሳይሆን የምስክሯን ቃል ተመልክተው እጃቸውን አንስተዋል።

ድንጋጌ በድንጋጌ ላይ

ሚኒስቴሩ በችሎቱ ያልተሳካለትን በትምህርት ቤቱ በኩል ይቀጥላል። የሚኒስትሩ የቅርብ ረዳት የሆኑት ዶሎሬስ አምብሪጅ የመከላከያ ትምህርት መምህርት ሆነው ወደ ሆግዋርትስ ይላካሉ። ወይዘሮዋ ሮዝ ልብስ የሚያዘወትሩ፣ የቢሯቸውን ግድግዳ የድመት ግልገሎች ሥዕል ባለባቸው ሳህኖች ያስጌጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሹም ናቸው። ሥልጣናቸው የሚሰፋውም በጩኸት ሳይሆን በወረቀት ነው።

መጽሐፉ ይህን ሂደት በቁጥር ያስቀምጠዋል። የትምህርት ድንጋጌ ቁጥር 22 ርዕሰ መምህሩ መምህር ማግኘት ካልቻሉ ሚኒስቴሩ እንዲመድብ ይፈቅዳል። ቁጥር 23 ወይዘሮ አምብሪጅን መምህራንን የሚገመግሙ ከፍተኛ መርማሪ ያደርጋል። ቁጥር 24 ያለ ፈቃድ የተቋቋሙ የተማሪ ማኅበራትን ያግዳል። ቁጥር 25 ቅጣትን በተመለከተ የመጨረሻውን ሥልጣን ለመርማሪዋ ይሰጣል። ቁጥር 26 መምህራን ከተቀጠሩበት የትምህርት ዓይነት ውጪ ለተማሪዎች መረጃ እንዳይሰጡ ይከለክላል። ቁጥር 27 የሃሪን ቃል ያተመ መጽሔት ይዞ የተገኘ ተማሪ እንዲባረር ያዛል። በቁጥር 28 ወይዘሮዋ ርዕሰ መምህርት ይሆናሉ።

ድንጋጌዎቹ በቅደም ተከተል ሲነበቡ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የመጀመሪያው የመምህር እጥረትን ለማሟላት የወጣ፣ ማንም የማይቃወመው የሚመስል ነው። እያንዳንዱ ቀጣይ ድንጋጌ ግን ከእርሱ በፊት የነበረው ያስከተለውን ተቃውሞ ለመዝጋት የወጣ ነው። አንዳቸውም አስቀድሞ ታስቦበት የተነደፈ ዕቅድ አካል አይመስሉም፤ ድምራቸው ግን አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ሰው እጅ እንዲወድቅ አድርጓል። ውጤታቸውም ከታሰበው ተቃራኒ ነው። መጽሔቱ በታገደ ማግስት ያላነበበው ተማሪ አልተገኘም።

ፊልሙ ይህንኑ በምስል ያሳጥረዋል። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሠራተኛ ረጅም መሰላል ላይ ወጥቶ በክፈፍ የተለበጡ ድንጋጌዎችን አንድ በአንድ በግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ተመልካቹ ሲስቅ ይቆይና ግድግዳው ሲሞላ ሳቁ ይቆማል። በኋላ ፍሬድና ጆርጅ የተባሉት መንትዮች በፈተና አዳራሽ ርችት ሲለቁ ክፈፎቹ ሁሉ ከግድግዳው ይረግፋሉ።

ለፈተና ብቻ የሚሰጥ ትምህርት

ወይዘሮ አምብሪጅ በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት መከላከያን በንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ በትራቸውን አስቀምጠው መጽሐፍ እንዲያነቡ ይታዘዛሉ። ይህን የተቃወመ ተማሪ የሚያገኘው መልስ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ተማሪን ለፈተና ለማብቃት እንደሆነና ውጪ የሚያሰጋ አደጋ አለመኖሩን የሚገልጽ ነው። ይህም ከክህደቱ ጋር የተያያዘ ነው። አደጋ የለም ብሎ ያወጀ አስተዳደር አደጋን ለመከላከል የሚያስተምርበት ምክንያት አይኖረውም።

ሃሪ ያየውን በክፍል ውስጥ ደግሞ ሲናገር ውሸት እንደማይናገር በጽሑፍ ቃል እንዲገባ ይቀጣል። ለቅጣቱ የተሰጠው የላባ ብዕር ቀለም አያስፈልገውም፤ የሚጽፈው በልጁ ደም ነው። የጻፈው ዓረፍተ ነገርም በእጁ ጀርባ ላይ ይቀረጻል። ይህ ትዕይንት ጩኸትም ጦርነትም የሌለበት ሆኖ ሳለ ከተከታዩ ዘግናኝ ትዕይንቶች ዋነኛው ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ቅጣቱ የተፈጸመው በጨለማ ዋሻ ሳይሆን በተስተካከለ ቢሮ፣ ከሻይ ስኒ አጠገብ ነው።

ተማሪዎቹ በበኩላቸው መፍትሔ ይፈልጋሉ። በሃሪ አስተማሪነት በስውር ክፍል ተሰብስበው ራሳቸውን መከላከል ይማራሉ። ትምህርት ቤቱ ማስተማር የነበረበትን ትምህርት ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተማማሩት። ይህ ክፍል የፊልሙ ብሩህ ክፍል ነው። በተለይ ወላጆቹ በቮልደሞት ተከታዮች ስቃይ አእምሯቸውን ያጡበት ዓይን አፋሩ ኔቪል ሎንግቦተም ከስህተት ወደ ብቃት የሚያደርገው ጉዞ ልብ ይነካል።

የተገለበጠው ፎቶግራፍ

ወይዘሮ አምብሪጅን ሆነው የተጫወቱት በ«ቬራ ድሬክ» ፊልም ለኦስካር ታጭተው የነበሩት ብሪታንያዊቷ ኢሜልዳ ስታውንተን ናቸው። አሜሪካዊው የአስፈሪ ልቦለድ ደራሲ ስቲቨን ኪንግ መጽሐፉ በ2003 ሲወጣ በጻፉት ግምገማ ይህችን ገጸ ባሕርይ ከሃኒባል ሌክተር ወዲህ ከተፈጠሩት ክፉዎች ሁሉ የላቀች አድርገው መድበዋታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቮልደሞትን በመንገዱ የሚያገኘው ሰው የለም። ፈገግ ብሎ በመመሪያ ስም የሚበድል ሰውን ግን ብዙ ሰው በሕይወቱ ያውቃል።

ከትዕይንቶቹ ሁሉ ባሕርይዋን በአጭሩ የሚገልጸው አንድ ትንሽ ድርጊት ነው። ወይዘሮዋ ሃሪን በቢሯቸው ይዘው ሲመረምሩ በሕግ ጨርሶ በተከለከለ የማሰቃያ አስማት ለመጠቀም ይወስናሉ። ሕገ ወጥ እንደሆነ ስታስታውሳቸው የሃሪ ጓደኛ ሄርማየኒ ናት። ወይዘሮ አምብሪጅ በጠረጴዛቸው ላይ የቆመውን የሚኒስትሩን ፎቶግራፍ በፊቱ ይደፉታል፤ አለቃቸው ያላወቁት ነገር እንደማይጎዳቸውም ይናገራሉ። በሕግ አክባሪነት የተጀመረው መንገድ እዚህ ላይ ያበቃል። መመሪያ የሚያወጣው እጅ መመሪያውን ሲጥስ፣ የአለቃውን ዓይን ብቻ የሚፈራ ታማኝነትም ፎቶግራፍ እንደመገልበጥ ይቀለዋል።

የዚህች ገጸ ባሕርይ ፍጻሜም ትርጉም ያለው ነው። ሚኒስቴሩ በመጨረሻው መጽሐፍ በቮልደሞት እጅ በወደቀ ጊዜ ወይዘሮ አምብሪጅ ከሥራቸው አልለቀቁም። ከአስማተኛ ወላጆች ያልተወለዱ ሰዎችን የሚመዘግበውና የሚከሰው ኮሚሽን ኃላፊ ሆነው ቀጥለዋል። ይህም በ2010 በቀረበው 7ኛ ፊልም ላይ ይታያል። ያገለገሉት ሥልጣንን እንጂ ሕግን አልነበረም፤ ሥልጣኑን የያዘው ሰው ሲቀየር የሚቀየር ነገር አልነበራቸውም።

ረጅሙ መጽሐፍ በአጭር ፊልም

አምስተኛው መጽሐፍ ከ7ቱ ረጅሙ ነው። የብሪታንያው እትም 766 ገጾች ያሉት ሲሆን፣ በ38 ምዕራፎች ተከፍሏል። ፊልሙ ግን 138 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅና ከተከታዩ ክፍሎች በአጭርነት 2ኛ ነው። ሌሎቹን ፊልሞች በሙሉ ወደ ስክሪፕት የለወጡት ስቲቭ ክሎቭስ ሲሆኑ፣ ለዚህኛው ብቻ ማይክል ጎልደንበርግ ተተክተዋል። ጸሐፊው የመጽሐፉን በርካታ ቅርንጫፎች መልምለው ግንዱን፣ ይኸውም የልጁን ብቸኝነትና የሚኒስቴሩን ክህደት ብቻ አስቀርተዋል። ለዚህም ሲባል ብዙ የተወደዱ ትዕይንቶች ቀርተዋል በሚል ከመጽሐፉ አንባቢዎች ቅሬታ ቀርቦባቸዋል። ቅሬታው መሠረት አለው፤ ለምሳሌ ዲሜንተሮቹን በሃሪ ላይ የላኩት ወይዘሮ አምብሪጅ ራሳቸው መሆናቸውን መጽሐፉ በግልጽ ሲናገር ፊልሙ አልፎታል።

ዳይሬክተሩ ዴቪድ ዬትስ ለተከታታዩ አዲስ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ይበልጥ የሚታወቁት በብሪታንያ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። በተለይም ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች የሚፋጠጡበትን «ስቴት ኦፍ ፕሌይ» የተሰኘ ባለ 6 ክፍል ድራማ በ2003 ሠርተዋል። ፊልሙ የቢሮን፣ የጋዜጣንና የሥልጣንን ግንኙነት በቅርበት የሚያውቅ መምሰሉ ከዚህ ልምድ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም። ዬትስ ከዚህ በኋላ የቀሩትን 3 ፊልሞችም መርተዋል።

የካሜራውን ሥራ የያዙት ፖላንዳዊው ስላዎሚር ኢጅያክ በሶማሊያ ስለተካሄደው ውጊያ የሚተርከውን «ብላክ ሆክ ዳውን» የቀረጹ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ለዚህ ፊልም ሰማያዊና ግራጫ የበዛበት ቀዝቃዛ ድባብ ሰጥተውታል። የመድረክ ንድፉ የስቱዋርት ክሬግ ነው። የሚኒስቴሩ ዋና አዳራሽ በለንደን ጥንታዊ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች አምሳያ በሚያብረቀርቅ ጠቆር ያለ ሸክላ የተለበጠ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ ግዙፍ የሚኒስትሩ ምስል ተሰቅሏል። ሕንፃው የሚያምር ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ግን አይደርሰውም። ቀረጻው የተካሄደው ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘውና ቀድሞ የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ በነበረው የሊቭስደን ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው ከ2012 ጀምሮ የፊልሞቹን አሠራር ለጎብኚዎች በማሳየት ላይ ይገኛል።

የታሪክ መነሻው

የሚኒስቴሩ ክህደት ከታሪክ የራቀ ፈጠራ አይደለም። ሮውሊንግ በሰጡት ቃለ ምልልስ ከቮልደሞት መመለስ በኋላ ያለውን ዓለም ሲቀርጹ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርሌን መንግሥት የናዚን አደጋ አሳንሶ ያየበትን ጊዜ በምሳሌነት መውሰዳቸውን ገልጸዋል። ቼምበርሌን በሴፕቴምበር 1938 ከሂትለር ጋር በሙኒክ ተፈራርመው ሲመለሱ ሰላም እንደተገኘ ለሕዝባቸው አስታውቀው ነበር። ዓመት ሳይሞላ በሴፕቴምበር 1939 ጀርመን ፖላንድን ወረረች፤ ብሪታንያም ወደ ጦርነቱ ገባች። በርግጥ ቼምበርሌን በዚሁ ጊዜ የአገራቸውን የጦር ዝግጅት አልተውም። በዚህ ረገድ የፊልሙ ሚኒስትር ከታሪኩ ሰው ይብሳሉ፤ እርሳቸው ዝግጅትን ራሱን ከልክለዋልና።

የጠፋው አንድ ዓመት

የፊልሙ መደምደሚያ የሚካሄደው በራሱ በሚኒስቴሩ ሕንፃ ውስጥ ነው። ጠላት የለም ብሎ ዓመት ሙሉ ያወጀው መሥሪያ ቤት የጠላት መሰብሰቢያ ሆኖ ይገኛል። ሃሪ በቮልደሞት ተታልሎ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሊያድኑት ከመጡት መካከል እንደ አባት የሚያየው ሲሪየስ ብላክ በዘመዱ በቤላትሪክስ እጅ ይገደላል። ቀጥሎ ደምብልዶርና ቮልደሞት በዋናው አዳራሽ ይፋለማሉ፤ የሚኒስትሩ ግዙፍ ምስልም በፍልሚያው ይወድማል። ሚኒስትሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲደርሱ ቮልደሞትን በዓይናቸው ያዩታል። በማግስቱ ጋዜጣው ያንኑ ዓመት ሙሉ ውሸት ሲለው የቆየውን ዜና በፊት ገጹ ያትማል። በ6ኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ፈጅ በሕዝብ ቁጣ ከሥልጣናቸው ተነስተው በሌላ ሰው ተተክተዋል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው እውነቱ በመጨረሻ ጠርቷል። ነገር ግን ፊልሙ ተመልካቹን በዚህ አያጽናናውም። እውነቱ እስኪጠራ ድረስ የነጋው አንድ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቮልደሞት ተከታዮቹን ሰብስቧል፤ እስረኞቹን አስፈትቷል፤ ተማሪዎች መማር የነበረባቸውን ሳይማሩ ቀርተዋል፤ ንጹሕ ሰው እንደተወነጀለ ሞቷል። ሚኒስትሩ ስህተታቸውን ባመኑበት ቅጽበት ከእነዚህ አንዱንም መመለስ አልቻሉም።

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 940 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገቢ ያስገኘ ሲሆን፣ በ2007 ከቀረቡት ፊልሞች በገቢ በ2ኛ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ይህን ያህል ሕዝብ ያየው ለአስማቱ ትዕይንት ሊሆን ይችላል። ታሪኩን ግን ያለ አስማት መተረክ ይቻላል። አንድ የበታች ሰው ደስ የማይል መረጃ ይዞ ይመጣል፤ መረጃው ሳይመረመር መረጃውን ያመጣው ሰው ይመረመራል። በየደረጃው ያለ ኃላፊ በጠረጴዛው ላይ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሊቀርብለት ይችላል። ያን ጊዜ «ይህን ያመጣው ማን ነው?» ከማለቱ በፊት «የተባለው ነገር እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቁ፣ የፊልሙ ሚኒስቴር ያጠፋውን አንድ ዓመት እንዲያድን ያደርገዋል።